ቲዩቡ የት ገባ? የፑማ መመሪያ ከሰሜን ወሎ ሲነበብ

ሙሉ ሰመመን ተሰጥቶት ጡንቻ የሚያዝል መድኃኒት የተወጋ ሰው በራሱ አይተነፍስም። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ እስትንፋሱ በሰመመን ባለሙያው እጅ ነው። ባለሙያው ላሪንጎስኮፑን አስገብቶ፣ ምላሱን ወደ ጎን ገፍቶ፣ የድምፅ አውታሮቹን ያያል፤ በመካከላቸውም ቲዩብ ያሳልፋል። ከአየር ቧንቧው ጀርባ፣ ተጣብቆ ማለት ይቻላል፣ የምግብ ቧንቧው አለ። ቲዩቡ ወደዚያኛው ከገባ ኦክስጅኑ ሳንባን ሳይሆን ጨጓራን ይሞላል። ይህ ስህተት ጀማሪም ላይ ይደርሳል፤ ሃያ ዓመት የሠራም ላይ ይደርሳል። ወዲያው ከተነቃበት ቲዩቡን ነቅሎ በማስክ ማስተንፈስ ነው፤ ታካሚው ምንም ሳይሆን ይነሣል። ሰው የሚሞተው ሳይታወቅ ሲቀር ነው።

ለዚህ አንድ ነገር ብቻ የተጻፈ መመሪያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 «አኔስቴዢያ» በተባለው የብሪታኒያ የሙያ መጽሔት ታተመ። ያዘጋጀው ፑማ በሚል ምህጻረ ቃል የሚጠራ ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ስብስብ ነው። ቀዳሚ ጸሐፊው አውስትራሊያዊው ኒኮላስ ክራይምስ ሲሆኑ፣ የሕንዷ ሺላ ማያትራም ከጸሐፊዎቹ መካከል ናቸው። መመሪያው ስለ ራሱ የሚናገረው ነገር ትልቅ ነው፦ የትም አገር፣ በየትኛውም የሕክምና ክፍል፣ በየትኛውም ሙያ፣ ምን ዓይነት ታካሚም ቢመጣ ያገለግላል ይላል። ይህን ቃሉን በቁም ነገር ወስጄ በአንድ የተወሰነ ቦታ ልመዝነው ነው የተነሣሁት። ቦታው ሲሪንቃ ነው።

ሲሪንቃ በሀብሩ ወረዳ፣ ከመርሳ ወደ ወልዲያ በሚወስደው አስፋልት ላይ ትገኛለች። አገር የሚያውቃት በግብርና ምርምር ማዕከሏ፣ በተለይም በማሽላና በጤፍ ዝርያዎቿ ነው። እዚያ ሰው በጠና ሲታመም የሚሄድበት መንገድ የታወቀ ነው፤ ከጤና ጣቢያ ወደ መርሳ ወይም ወደ ወልዲያ፣ ከወልዲያም አልፎ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ደሴ። በዚህ መንገድ ላይ ቲዩብ ሊገባላቸው የሚችሉት እነማን ናቸው? ታፍኖ የተወለደ ጨቅላ አለ። ሽምብራ ወይም የበቆሎ ፍሬ ወደ አየር ቧንቧው የገባበት የሁለት ዓመት ልጅ አለ። በእርግዝና ደም ግፊት ሰውነቷ የሚንቀጠቀጥ እናት፣ በመኪና አደጋ ራሱን የሳተ ወጣት፣ አንጀቱ ተጠምዝዞ ሆዱ የተነፋ ሽማግሌ አሉ። መመሪያው «ማንኛውም ታካሚ» ካለ እነዚህን ሁሉ ማለቱ ነው፤ የእያንዳንዳቸው ጉሮሮ ግን የተለየ ነው።

አስቀድሜ የመመሪያውን እምብርት ላስቀምጥ። ቲዩቡ የት እንደገባ የሚመሰክረው ከሳንባ ተመልሶ የሚወጣው ካርቦንዳይኦክሳይድ ነው። ካፕኖግራፍ የሚባለው መሣሪያ ይህን ጋዝ እየለካ በስክሪን ላይ ሞገድ ይሥላል። መመሪያው ሞገዱ ታየ ብሎ ብቻ አይረካም። ታካሚው ሲያስወጣ ከፍ፣ ሲያስገባ ዝቅ እያለ፣ ቢያንስ ለሰባት እስትንፋስ ሳይደክም መቀጠል አለበት፤ ከፍታውም ከመነሻው መስመር በላይ ከ1 ኪሎፓስካል፣ ማለትም ከ7.5 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ መብለጥ አለበት፤ ንባቡም ከታካሚው ሁኔታ ጋር የሚሄድ መሆን አለበት። ይህ ካልተሟላ የመጀመሪያው እርምጃ ቲዩቡን ማውጣት ነው። ሰበብ ፍለጋ፣ ማሽኑን መጠራጠር፣ ብሮንካዎች ተኮማትረው ይሆናል ብሎ መገመት ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። ማውጣቱ ራሱ አደገኛ የሚሆንበት ታካሚ ካለ፣ ቲዩቡ ምግብ ቧንቧ ውስጥ አለመሆኑ በሌላ አስተማማኝ መንገድ በፍጥነት ይረጋገጥ፤ ካልተረጋገጠ ወይም ኦክስጅኑ ከወረደ ይውጣ ይላል።

በኔ አስተያየት የሥራው ትልቁ ብርታት ይህ የቅደም ተከተል ግልበጣ ነው። ከዚህ በፊት የነበረው ልማድ ቲዩቡ ትክክል ነው ብሎ መነሣትና ስህተት መሆኑ እስኪረጋገጥ መጠበቅ ነበር። ፑማ ይህን ገለበጠው፤ ትክክለኛነቱ ካልተረጋገጠ ቲዩቡ እንደ ስህተት ይቆጠራል። ለምን እንዲህ አጥብቀው ጻፉት ለሚል፣ ከመመሪያው ጀርባ ያሉ ሞቶች መልስ ይሰጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 በእንግሊዝ ሚልተን ኪንስ ከተማ አንዲት የ61 ዓመት የራጅ ባለሙያ ለትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ገብተው ቲዩቡ ወደ ምግብ ቧንቧቸው ገባ። ሙሉ መሣሪያ ያለው ክፍል ውስጥ ነበሩ። የካርቦንዳይኦክሳይዱ ምልክት አለመምጣቱ ግን እንደ ቲዩብ ስህተት አልተነበበም፤ በቦታው የነበሩት ከባድ የአለርጂ ድንጋጤ ነው ብለው ወደዚያ ሄዱ። የብሪታኒያ የሰመመን ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ከዚህ ሞት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2018፣ የሞገድ መስመር ከሌለ ቦታው ተሳስቷል የሚል ዘመቻ ጀምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የዚያው አገር አራተኛው ብሔራዊ የሰመመን ጥናትም በፅኑ ሕሙማን ክፍሎች ከአየር መንገድ ጋር በተያያዙ ሞቶችና የአንጎል ጉዳቶች ውስጥ ከ70 በመቶ በላይ በሚሆኑት የካፕኖግራፍ አለመኖር እጁ እንዳለበት ጽፏል። መሣሪያ በሌለበትም ሰው ይሞታል፤ መሣሪያው እያለ የሚለውን ባለመስማትም ይሞታል።

ወደ ሲሪንቃዎቹ ታካሚዎች ልመለስ። ዕድሜን በተመለከተ መመሪያው ራሱ ያላብራራው፣ እኔ ግን ሳሰላው ያስደነቀኝ ነገር አለ። መለኪያው ሰባት እስትንፋስ እንጂ ይህን ያህል ሰከንድ አይልም። በደቂቃ 12 ጊዜ የሚተነፍስለት ጎልማሳ ሰባቱን ለመጨረስ 35 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። በደቂቃ 40 ጊዜ የሚተነፍስለት ጨቅላ ግን በ10 ሰከንድ ገደማ ይጨርሳል። ይህ ልዩነት በጣም አስፈላጊ ነው፤ የጨቅላ ሰውነት በኪሎ ሲሰላ ከጎልማሳ እጥፍ ያህል ኦክስጅን ይበላል፤ በሳንባው ያለው ክምችትም ትንሽ ነው። ቀድሞ በደንብ ኦክስጅን የተሰጠው ጤነኛ ጎልማሳ ትንፋሹ ቢቆም በጣት ላይ ተሰክቶ የደምን ኦክስጅን የሚለካው የፐልስ ኦክሲሜትር ንባብ እስከ 8 ደቂቃ ድረስ ከ90 በመቶ ላይወርድ ይችላል። ጨቅላው ዘንድ ግን አንድ ደቂቃ እንኳ ረጅም ነው። ስለዚህ እስትንፋስን መቁጠር ሳይታሰብበት ለዕድሜ ራሱን የሚያስተካክል መለኪያ ሆኗል።

የከፍታው መስፈርት ግን እንዲህ አይዋጣለትም። በብዛት የሚገኙት ካፕኖግራፎች በቀጭን ቱቦ ከእስትንፋሱ ናሙና እየሳቡ ነው የሚለኩት። 3 ኪሎ የሚመዝን ጨቅላ በአንድ ጊዜ የሚያስገባው አየር 15 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። መሣሪያው ከዚህች ጥቂት አየር ላይ ሲስብ ንጹሕ ጋዝ ይቀላቀልበታል፤ ቁጥሩም ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ ይነበባል። ልቡ ሊቆም የደረሰ፣ ገና የተወለደ ሕፃን ደግሞ ቲዩቡ በትክክል ገብቶም ካርቦንዳይኦክሳይድ እምብዛም ላያስወጣ ይችላል። መመሪያው ለማንኛውም ዓይነት ታካሚ ነኝ ካለ፣ ለጨቅላ ይህን በአንድ ራሱን በቻለ ክፍል ማስረዳት ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2024 የአውሮፓ የሰመመን ሐኪሞች ማኅበር «ብሪቲሽ ጆርናል ኦቭ አኔስቴዢያ» ከተባለው ሌላ መጽሔት ጋር ለጨቅላና ለሕፃናት አየር መንገድ ብቻ የተለየ መመሪያ ማውጣቱ ክፍተቱ በእርግጥ እንደነበረ ያሳያል።

ሁለተኛው የዕድሜ ጥያቄ ጠለቅ ያለ ነው። ፐልስ ኦክሲሜትር በአገራችን ካፕኖግራፍን ያህል ብርቅ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የተመሠረተውና አዲስ አበባ ላይም የሚሠራው ላይፍቦክስ የተባለ ድርጅት ለዚህ ብዙ ደክሟል። ብዙ ባለሙያም በጣት ላይ የተሰካውን ቁጥር እያየ ይረጋጋል። ለጎልማሳው ግን ይህ ቁጥር ቲዩቡ ተሳስቶ ገብቶም ለደቂቃዎች 99 እያለ ሊቆይ ይችላል፤ አስቀድሞ የተሰጠው ኦክስጅን ገና አላለቀም። በዚህ መካከል ቲዩቡ በፕላስተር ይታሰራል፤ ሐኪሙ ቆዳ ይቀድዳል፤ ቁጥሩ መውረድ ሲጀምር ማንም ቲዩቡን አይጠረጥርም። ለጨቅላው ደግሞ ቁጥሩ ቶሎ ይወርዳል፤ ሲወርድ ግን የቀረው ጊዜ እጅግ ትንሽ ነው። መመሪያው ኦክሲሜትር ለሁሉም ይሰካ ማለቱ ትክክል ነው። ያ ቁጥር በሽማግሌው፣ በነፍሰ ጡሯና በሕፃኑ ዘንድ የሚናገርበት ፍጥነት ግን አንድ አይደለም፤ ይህ በግልጽ ተጽፎ ማየት እፈልግ ነበር።

ቀጥሎ ከመመሪያው ጋር በጣም የማልስማማበት ቦታ ይመጣል። ካርቦንዳይኦክሳይድ ካልተገኘ ሊረዱ የሚችሉ አስተማማኝ መንገዶች ብሎ አራት ያነሣል፤ በላሪንጎስኮፕ እንደገና ማየት፣ ተጣጣፊ ብሮንኮስኮፕ፣ አልትራሳውንድ፣ እና በቲዩቡ አፍ ላይ ተሰክቶ አየር የሚስብ ቀላል መሣሪያ። የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ1988 የታወቀ ዘዴ ነው። ትልቅ ሲሪንጅ ወይም የጎማ አምፖል በቂ ነው። የምግብ ቧንቧ ሲሳብ ግድግዳው ተጣጥፎ ይዘጋል፤ የአየር ቧንቧ ግን ቀለበቶቹ ስለሚደግፉት ክፍት ይቆያል፤ አየሩም ይመጣል። ርካሽ ነው፤ መብራት አይፈልግም። ብሮንኮስኮፕ በሌለበት ሆስፒታል ላለ ሰው ከዝርዝሩ ዓይን የሚስበው እሱ ነው። ነገር ግን ከአንድ ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት፣ በጣም ለወፈሩ ሰዎችና እርግዝናቸው ለገፋ ሴቶች ሊታመን አይችልም። የሕፃኑ የአየር ቧንቧ ለስላሳ ስለሆነ ሲሳብ ራሱ ሊጣጠፍ ይችላል። እንግዲህ በመርሳ መንገድ ላይ ከሚመጡት ታካሚዎች ውስጥ ለሁለቱ፣ ለጨቅላውና ለእናቲቱ፣ ይህ ዘዴ አሳሳች ነው። የተለያየ ዕድሜ ያለውን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስተናገድ የሚያመጣው ጉዳት እዚህ ላይ ይታያል።

በዚያው ዝርዝር ውስጥ ግን የትም ያለ ነገር አለ፤ እንደገና ማየት። ላሪንጎስኮፕ ያለው ሁሉ ይችለዋል። እኔ ብሆን ይህን ወደ ላይ አውጥቼ፣ ከተቻለም ሌላ ሰው እንዲያየው ብዬ በደማቁ እጽፈው ነበር። መጀመሪያ ያስገባው ሰው ዓይን ማየት የሚፈልገውን ያያል። ሁለተኛው ሰው ግን ቲዩቡ በድምፅ አውታሮቹ መካከል አልፏል ወይስ ከኋላቸው ነው ብሎ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ካፕኖግራፍ ለሌለው ክፍል ከዚህ የተሻለ ነገር አላገኘሁም።

ማዳመጫውስ? ፑማ እዚህ ላይ አይለሳለስም። ደረት በማዳመጥ፣ የደረትን ከፍ ዝቅ ማለት በማየት፣ ቲዩቡ ውስጥ ላቦት በማየት ቲዩቡ ምግብ ቧንቧ ውስጥ አይደለም ብሎ መደምደም አይፈቀድም። በሳይንሱ ትክክል ነው። ምግብ ቧንቧ ውስጥ የገባ ቲዩብም ላቦት ያሳያል፤ በቀጭኑ የሕፃን ደረት ደግሞ ከሆድ የተነሣ ድምፅ እስከ ብብት ይሰማል። ችግሩ በአንድ ባለሙያ እጅ ሁለት ሰነዶች መኖራቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም ጤና ድርጅት ከዓለም የሰመመን ሐኪሞች ፌዴሬሽን ጋር ያወጣው የደህንነት መስፈርት የቲዩቡ ቦታ በማዳመጥ እንዲረጋገጥ በጥብቅ ይመክራል። ካርቦንዳይኦክሳይድን ማወቅም እንዲሁ በጥብቅ ይመከራል፤ ተከታታይ ሞገድ የሚያሳየው መሣሪያ ግን ዋጋው ተመጣጣኝና ጠንካራ የሆነ እስኪገኝ ድረስ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ተቀምጧል። አንዱ ሰነድ ድሃውን ሆስፒታል አስቦ መሣሪያውን ወደኋላ ይላል፤ ሌላው መሣሪያው አለ ብሎ ማዳመጫውን ከዳኝነት ያወርዳል። በመካከላቸው የቆመው ባለሙያ የቱን ይከተል? እኔ ማዳመጥ አይቅር እላለሁ፤ ሥራው ግን ሌላ ነው። ቲዩቡ የአየር ቧንቧ ውስጥ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ወደ አንድ ሳንባ ብቻ ጠልቆ እንዳይሆን ለማወቅ ይጠቅማል፤ እሱን ደግሞ ካፕኖግራፍ አይነግረንም።

ይህ ፑማ ወደማይነካው ጉዳይ ይወስደናል፤ የቲዩቡ ልክና ጥልቀት። መመሪያው አንዱን ገዳይ ስህተት ብቻ ይዞ መቆሙ መብቱ ነው፤ ጉልበቱም ከዚያ ይመጣል። ስለ ሕፃን የሚያስብ አንባቢ ግን እዚህ ላይ ሊያቆም አይችልም። የጎልማሳ የአየር ቧንቧ ርዝመት ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ሲሆን የጨቅላው 4 ወይም 5 ብቻ ነው። ሕፃኑ አንገቱን ሲያጎነብስ ቲዩቡ ወደ ታች ይሄዳል፤ ሲያቀና ወደ ላይ ይመጣል። በ1 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ወይ ወደ ቀኝ ሳንባ ይገባል፣ ወይ ጭራሽ ይወጣል። ባለሙያዎች የሚጠቀሙባቸው ስሌቶች አሉ። ለጨቅላ ክብደቱ ላይ 6 መደመር ከከንፈር ያለውን ጥልቀት በሴንቲ ሜትር ይሰጣል፤ ባለ 3 ኪሎው 9 ላይ ይታሰራል። ከፍ ላለ ልጅ ዕድሜውን ለ2 ከፍሎ 12 መደመር ነው። ለውፍረቱ ዕድሜን ለ4 ከፍሎ 4 መደመር፣ ካፍ፣ ማለትም በአየር ቧንቧው ውስጥ የሚያሽግ የሚነፋ ቀለበት፣ ላለው ቲዩብ ደግሞ 3.5 መደመር። የአራት ዓመት ልጅ እንግዲህ ካፍ የሌለው 5.0 ወይም ካፍ ያለው 4.5፣ ጥልቀቱ 14 ይሆናል።

ይህ ስሌት ዕድሜው የታወቀና እንደ ዕድሜው ያደገ ልጅ አስቦ የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016ቱ የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች 46 በመቶው ለዕድሜያቸው የሚጠበቀው ቁመት ያልነበራቸው ናቸው። እናት «መስከረም ላይ አራት ዓመት ይሞላዋል» ስትል እውነቷን ነው፤ የልጁ ጉሮሮ ግን የሦስት ዓመት ልጅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቁመትን መለካት፣ የተሰላውን፣ ግማሽ ቁጥር የሚበልጠውንና ግማሽ ቁጥር የሚያንሰውን ሦስቱንም አቅርቦ መጀመር ለሀብሩ ልጅ የግድ ነው።

እግረ መንገዴን ስለ ካፍ አንድ ነገር። ለብዙ አሥርት ዓመታት የሕፃን ጉሮሮ እንደ ማንቆርቆሪያ ወደ ታች እየጠበበ ይሄዳል፣ ጠባቡም ቦታ ከድምፅ አውታሮቹ በታች ያለው ቀለበት ነው ተብሎ ትምህርት ሲሰጥ ኖሯል። ይህ እ.ኤ.አ. በ1951 ኤከንሆፍ የተባሉ ሐኪም የጻፉት ሲሆን ከ1897 የቤዩ የሬሳ ልኬት የተወሰደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በሕይወት ያሉ ልጆች በኤምአርአይ ሲታዩ ጠባቡ ቦታ የድምፅ አውታሮቹ ዘንድ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ 2246 ሕፃናትን የያዘ የአውሮፓ ጥናት ካፍ ያለውን ቲዩብ ካፍ ከሌለው ጋር አነጻጸረ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የታየው የጉሮሮ እብጠት ምልክት ተቀራራቢ ነበር፤ ልኩ ስላልገጠመ ቲዩቡን መቀየር ግን ካፍ ላለው 2.1 በመቶ፣ ካፍ ለሌለው 30.8 በመቶ ሆነ። ይህ ከፑማ ጉዳይ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። እያንዳንዱ መቀየር አዲስ ሙከራ ነው፤ እያንዳንዱ ሙከራም ወደ ምግብ ቧንቧ የመግባት አዲስ ዕድል ነው። መድኃኒትና ዕቃ ለሚገዛ ክፍል ይህ ጥናት ብቻውን ምን ማዘዝ እንዳለበት ይነግረዋል።

ስለ ሽማግሌው ባጭሩ። ጥርስ ከሌለው ማስኩ ከፊቱ ጋር አይገጥምም፤ የተነቃነቀ ጥርስ ካለው ወደ ውስጥ ሊወድቅ ይችላል፤ አንገቱ ስለማይታጠፍ ማየት ያስቸግራል። እናቲቱ ግን ትንሽ ላቆየን ይገባል። በእርግዝና ጉሮሮ ያብጣል፣ ጨጓራ ይሞላል፣ ኦክስጅን ቶሎ ያልቃል። ለወላዶች ሙሉ ሰመመን ሲሰጥ ቲዩብ ማስገባት ያልተቻለበት በ390 ታካሚ አንድ ጊዜ ገደማ እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ሰፊ የጽሑፍ ዳሰሳ አሳይቷል። አብዛኛው የወሊድ ቀዶ ሕክምና በስፓይናል፣ ማለትም ከወገብ በታች ብቻ በሚያደነዝዝ ሰመመን፣ እንዲሠራ ባለሙያዎች የሚጥሩትም ለዚህ ነው። ስፓይናል የማይቻልባት እናት፣ ደም እየፈሰሳት ወይም እየተንቀጠቀጠች የምትመጣው፣ በጣም ልምድ ያለው እጅ የሚያስፈልጋት እሷ ሆና ሳለ ብዙ ጊዜ የምትደርሰው በሌሊት፣ ባለሙያ ባነሰበት ሰዓት ነው።

መመሪያው ያለ አንዳች ወጪ የትም ሊሠራ የሚችልበት ክፍል አለው፤ ከሁሉም በላይ የወደድኩት እሱን ነው። ቲዩቡን የሚያስገባው ሰው ያየውን ጮክ ብሎ ይናገር፤ ከገባ በኋላም እሱና ረዳቱ እያንዳንዳቸው ካርቦንዳይኦክሳይዱ በዘላቂነት መኖሩንና ኦክስጅኑ በቂ መሆኑን ድምፅ አውጥተው ይመስክሩ ይላል። የእኛን የቀዶ ሕክምና ክፍል የሚያውቅ ይህ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ይገባዋል። ዶክተሩ እያለ ሲስተሯ አትቀድምም፤ ጀማሪው አንጋፋውን «እርስዎ» እያለ ነው የሚያወራው፤ ልክ አይደለም ማለት ድፍረት ይመስላል። ፑማ ረዳቷን ድፍረት አይጠይቃትም። ሁልጊዜ፣ ለእያንዳንዱ ታካሚ እንድትናገር ያዛታል። ንግግሩ ግዴታ ሲሆን «መስመሩ አልመጣም» ማለት አለቃን መንካት ሳይሆን ሥራን መፈጸም ይሆናል። ከባህላችን ጋር ሳይጣላ ባህላችን የፈጠረውን ዝምታ የሚሰብር መፍትሔ ነው።

እዚህ ላይ ሌላ ሰነድ አነሣለሁ፤ የዓለም ጤና ድርጅት የቀዶ ሕክምና ደህንነት ማረጋገጫ ዝርዝር። እ.ኤ.አ. በ2016 ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በጀመረው የአስተማማኝ ቀዶ ሕክምና ንቅናቄ አማካይነት ወደ ሆስፒታሎቻችን ገብቷል። 19 ነጥቦች አሉት። ሰመመን ከመሰጠቱ በፊት አየር መንገዱ አስቸጋሪ ነው ወይ፣ ኦክሲሜትሩ ይሠራል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ቲዩቡ ከገባ በኋላ ግን የት ገባ ብሎ አንድም ጊዜ አይጠይቅም። ድርጅቱ ዝርዝሩ እንደየቦታው እንዲስተካከል ያበረታታል። ቢላው ከመነሣቱ በፊት ባለው ቆም ማለት ላይ «ቲዩቡ የአየር ቧንቧ ውስጥ መሆኑ በምን ተረጋገጠ?» የሚል አንድ መስመር መጨመር የፑማን መንፈስ ወደ እያንዳንዱ ግድግዳ ያመጣዋል።

ስለ ቪዲዮ ላሪንጎስኮፕ የሚለው ምክር በሚቻልበት ሁሉ ይሁን ይላል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ አስገቢው የሚያየውን ረዳቱም በስክሪኑ ያየዋል። በብዙ የወረዳ ሆስፒታሎቻችን ግን ተራው ላሪንጎስኮፕ ራሱ በባትሪና በአምፖል እጥረት ይቆማል፤ ቀጥ ያለ የሕፃናት ምላጩም ሁልጊዜ አይገኝም። አንዱን ብቻ መግዛት የሚችል ሆስፒታል ካለ እኔ ካፕኖግራፉን አስቀድማለሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው የማላዊ ሥራ ያሳመነኝ ነው። በ8 ሆስፒታሎች 40 ካፕኖግራፎች ተተክለው፣ ባለሙያዎች ሠልጥነው፣ በወራት ውስጥ 44 ጊዜ ቲዩብ ምግብ ቧንቧ መግባቱ በመሣሪያው ታወቀ። ከእኛ ጋር የሚመሳሰል አገር፣ ከእኛ ጋር የሚመሳሰል የባለሙያ እጥረት፤ መሣሪያው እዚያ ሥራ ፈትቶ አልተቀመጠም። ላይፍቦክስና ስማይል ትሬይን አቅም ለሌላቸው ሆስፒታሎች የሚሆን ካፕኖግራፍ ማዘጋጀታቸውም የ2018ቱን የዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት ሰበብ እያጠበበው ነው።

ወሎ ውስጥ የመሣሪያ ነገር ከዋጋ ያለፈ ታሪክም አለው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ በነበረው ጦርነት የወልዲያና የደሴ ሆስፒታሎች ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። ያኔ የጠፋውን የሚተካ ሰው ምን ይቅደም ብሎ ሲያስብ የቀዶ ሕክምና አልጋውና መብራቱ ዓይን ውስጥ ይገባሉ፤ ትንሿ ካፕኖግራፍ ከዝርዝሩ ትወድቃለች። ፑማ ይህን ዓይነት ምርጫ ለሚያደርግ አስተዳዳሪ የተጻፈ አንድ ገጽ የለውም። ለባለሙያው ሁሉን አለው፤ ገንዘቡን ለያዘው ግን ዝም ይላል። የኢትዮጵያ የሰመመን ባለሙያዎች ማኅበር መመሪያውን ወደ አማርኛ የሚያመጣው ከሆነ፣ የጨቅላውንና የእናቲቱን ክፍል ጨምሮ፣ ይህን ገጽም ጨምሮ ቢሆን እላለሁ።

የመጨረሻው ቅሬታዬ የጉዞው ነው። ፑማ ለየትኛውም ቦታ ነኝ ሲል አምቡላንስንም ይጨምራል፤ ከወልዲያ ደሴ ያለውን መንገድ ግን ከርቀት ነው የሚያየው። ቲዩብ የገባለት ልጅ በአምቡ ባግ በነርስ እጅ እየተነፈሰለት በጠመዝማዛው መንገድ ሲሄድ ራሱ ይነቃነቃል፤ አንገቱ ይታጠፋል፤ ፕላስተሩ በላብና በምራቅ ይላላል። በሞተሩ ጩኸት መካከል በማዳመጫ የሚሰማ ነገር የለም፤ በላሪንጎስኮፕ እንደገና ማየትም መኪናው ካልቆመ አይሆንም። ወልዲያ ላይ በትክክል የገባ ቲዩብ ደሴ ሳይደርስ ሊወጣ ይችላል፤ ይህንንም በሰከንዶች ውስጥ የሚያሳውቀው ከኪስ የማይበልጥ፣ በባትሪ የሚሠራ ካፕኖግራፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ለአካባቢው ሁለት መሣሪያ ቢመጣ አንዱ ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ውስጥ ይቀመጥ፤ ሁለተኛው ከአምቡላንሱ ላይ አይውረድ።